ይህን አትዝለሉ

ቁጡ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ቁጣዬን የምወጣው በተምታታ ጽሑፍ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚላክልን መመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር አድርጉ ሲል ወረቀቱን ጨምድጄ ግድግዳ ላይ እወረውረው ነበር። ድሬዳዋ ላይ የገጠር መምህራንን የትምህርት መርጃ መሣሪያ አሠራር የማሠለጥነው እኔ ስለነበርኩ፣ መመሪያውን ሁሉ እንደገና እጽፈዋለሁ። በአንድ ሥዕል አንድ ሥራ፣ በአንድ መስመር አንድ ትእዛዝ። ስጨርስ ለግቢው ዘበኛ እሰጠዋለሁ። ምንም ሳይጠይቀኝ ከሠራው አባዛዋለሁ፤ ከጠየቀኝ ቀድጄ እጥለዋለሁ።

ከሁሉ የምኮራበት የማባዣ አሠራሩ ነበር። የገጠር ትምህርት ቤት የማባዣ መኪና ከየት ያመጣል? ጄላቲንና ግሊሰሪን አቅልጦ ትሪ ላይ ማርጋት፣ በኮፒያ፣ ሐምራዊ ቀለም በሚለቅ እርሳስ፣ የተጻፈ ወረቀት እላዩ ላይ መጫን፣ ከዚያ ባዶ ወረቀት እያሳረፉ ሐምራዊውን ጽሑፍ ማንሳት ነው። ለአንድ ክፍል የሚበቃ ፈተና ይወጣበታል። ችግሩ ሙቀታችን ነበር። መመሪያውን ያዘጋጁት ሰዎች ብርድ አገር ተቀምጠው ስለጻፉት፣ እኛ ዘንድ አልረጋ እያለ እንደ ሾርባ ይቀራል። ብዙ ታግዬ መላ አገኘሁለት፦ ትሪውን ጥላ ሥር፣ እርጥብ ጆንያ ላይ ማስቀመጥ። ያንን አምስተኛ ሥዕል አድርጌ በወፍራም መስመር ከበብኩትና «ይህን አትዝለሉ» ብዬ ጻፍኩበት።

ከሠልጣኞቹ አንዷ ጀልዴሳ መንደር የምታስተምር ወጣት ነበረች። አምስተኛውን ዘላ ያልረጋ ትሪ ይዛ ስትመጣ፣ ከእጇ ነጥቄ በመስኮት ወረወርኩት። አላለቀሰችም። ወጥታ ትሪውን ከአፈር ላይ አነሳች፣ አጠበችው፣ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛው ሥራዋ ከሁሉም የጠራ ነበር። እኔ ግን ጎሽ አላልኳትም።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ መንገድ ዳር ወድቆ እናያለን፤ አንገታችንን ሰብረን እናልፋለን። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች የማስተምርበት ክፍል ገቡና አንደኛው አፌን በሰደፍ መታኝ። ሁለት ጥርሴ ሠልጣኞቼ ፊት ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀበሌ ወስደው ከአግዳሚ ወንበር ጋር አስረው ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉኝ። ለምን እንደሆነ የነገሩኝ እግሬ ተተልትሎ ደሙ ወለሉ ላይ ከተንጣለለ በኋላ ነው።

የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ የማባዣውን መመሪያ ፊቴ ላይ ዘረጋው። «ይህ የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ።»

ገበያ ውስጥ በሐምራዊ ቀለም የተባዛ በራሪ ወረቀት ተበትኖ ነበር። ቤት ለቤት ሲፈትሹ የጀልዴሳዋ መምህርት ዘንድ ትሪውንና ወረቀቴን አገኙ። እሷን ወደ ግቢው ሲያወጧት መጀመሪያ አላወቅኋትም። አንድ ዓይኗ ተደፍኗል፣ ቀኝ ክንዷ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። «አልረጋልኝም፣ ትቼዋለሁ፣ አንድም ወረቀት አላባዛሁበትም» ማለቷን ኃላፊው ነገረኝ። ነፍሷ የተንጠለጠለችው በዚህች ቃል ላይ ነበር።

«አቦ አታድክመኝ» አለኝ። «ይህን ያነበበ ሰው ብቻውን መሥራት ይችላል፣ አይችልም?»

«አይችልም፣ ጓድ። አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው ሰው ከሌለ አይሆንም። እሷማ ስታበላሽ ትሪዋን በመስኮት ወርውሬዋለሁ፤ አብረዋት የሠለጠኑትን ይጠይቁ።»

ትንሽ አሰበና በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ጠራው። የቢዮ አዋሌ ገጠር ሰው ነው፤ ፊደል የቆጠረው ከዘማች ተማሪዎች ነበር። «አንተ፣ ይህን አንብብና ሥራው። ማንንም እንዳትጠይቅ። ከሠራልህ ሁለቱም ዋሽተዋል፤ እሷ ትረሸናለች፣ እሱ ለእኛ እንዲያባዛ ይቆያል።»

ከእሷ ቤት የተያዘውን ዕቃ አመጡለት። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ቁጢጥ አለና በጣቱ እየተከተለ ያነብ ጀመር። ጄላቲኑን ዘፈዘፈ። ሳይፈላ አሞቀው። ግሊሰሪኑን ጨመረ። ትሪው ላይ ገለበጠና አረፋውን በወረቀት ጠርዝ እየገፈፈ አወጣ፤ ልክ እንደ ሳልኩት። ከዚያ ትሪውን ፀሐይ የሚጠብሰው ሲሚንቶ ላይ አስቀምጦ እጁን ጠረገ። በሕይወቴ ሰው እንዲሳሳት የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ጣቱ ወፍራሙ መስመር ላይ ቆመ። «ይ... ህ... ን...» እያለ እስከ መጨረሻው አነበበ። ተነሳ፣ ጆንያ ፈለገ፣ ቧንቧ ሥር አራሰው፣ ትሪውን ወደ ጥላው ወሰደው።

እስኪረጋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየን። ከጎን ክፍል ሰው እየተገረፈ ነበር፤ ጩኸቱ መጀመሪያ የሰው ነበር፣ በኋላ ምን እንደሆነ አይታወቅም። እኔና እሷን ግድግዳ ሥር ትይዩ አስቀመጡን። ላናግራት አፌን ስከፍት ኃላፊው መጥቶ የተሰበረ ክንዷን በጫማው ረገጠው።

ጥበቃው በኮፒያው ስሙን ጻፈ፣ ወረቀቱን ትሪው ላይ ተጫነ፣ አነሳ። ባዶ ወረቀት አሳረፈና ከአንድ ጥግ ጀምሮ ቀስ ብሎ ላጠው፤ ሰባተኛው ሥዕል ላይ እንዳለው። ስሙ ሐምራዊ ሆኖ፣ አንድ ፊደል ሳይፈስ፣ ጥርት ብሎ ወጣ። «ወላሂ፣ መምህር» አለኝ፤ «ማንንም አልጠየቅኩም።»

ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። ማን እንደሚሞትበት ከማስታወሴ በፊት፣ ጥርሱ በወለቀ አፌ ፈገግ ብዬ ነበር።

እሷ ወረቀቱን አላየችም። የምታየው የእኔን ፊት ነበር።

ሁለት ሰዎች ብብቷን ይዘው አነሷት። በጓሮ በኩል የጭነት መኪና ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቃል። አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለችና፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «ወጣልዎት፣ ጋሼ» አለችኝ። ገፍተው አወጧት።