ስለ ቤታችን ሥዕል በእንግሊዝኛ የተነገረው

ቅዳሜ ማለዳ ከልጄ ከሰላማዊት ጋር ከሰበታ ተነሳን። ዓላማችን አንድ ነው፤ ሱሉልታ የሚገኝ የሥዕል ማሠልጠኛ ለአንድ ዓመት በነፃ የሚያስተምራቸውን ወጣቶች የሚመርጠው ዛሬ ነው። አስተማሪዎቹ ከውጭ አገር ስለሚመጡ አመልካቹ አንድ ሥራውን ይዞ ቀርቦ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አለበት። ሥዕሉ የእሷ፣ እንግሊዝኛው የእኔ ድርሻ ሆነ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ቋንቋውን ከመዝገበ ቃላት ጋር ታግዬ ብቻዬን ተማርኩት። ሰነፍ ሰው ቋንቋ ከባድ ነው ይላል። ከባዱ ስንፍና ነው።

ሥዕሉ የሚያሳየው የገዛ ቤታችንን ነው። ለሁለተኛው ፎቅ ብዬ የተውኩት ፌሮ ከጣሪያው ሶሌታ ላይ ወደ ሰማይ ቆሟል፤ በፌሮው መካከል ገመድ ተወጥሮ እናቷ ልብስ ታሰጣለች። መልሱን ጽፌ በቃሏ አስጠንቻታለሁ፤ የሥዕሉ ጭብጥ፣ እነሱ ቲም የሚሉት፣ ተስፋ ነው።

ከሰበታ እስከ አየር ጤና

ሚኒባሱ ዓለም ገናን አልፎ የፉሪ ኮረብታ በቀኝ ሲታየን ጥያቄ ጀመርኩ።

«ፎርግራውንድ?»

«ከሥዕሉ ለተመልካች የቀረበው ክፍል።»

«ኮንትራስት?»

«የሁለት ነገሮች ተቃራኒነት።»

«ሙድ?»

«ሥዕሉ የሚያሳድረው ስሜት።»

ከኋላ የተቀመጠ ወጣት «ፋዘር፣ ሙድ እየያዙባት ነው እንዴ? ኧረ በማርያም ትተንፍስ!» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ «ኢንተርፕሪቴሽን?» አልኩ።

«አንድ ሰው ለሥዕሉ የሚሰጠው ትርጉም» አለች ወደ ውጭ እያየች። «ግን አባባ፣ ሌላ ሰው ሌላ ትርጉም ቢሰጠውስ?»

«ለፈተና አንድ ትርጉም ይበቃል» አልኳት።

ቡራዩ

በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባን፤ ሥዕሉ ፍሬም እንዲገባለት የሰጠነው እዚያ ነው። ባለሱቁ ኦቦ ጀማል «አካም ቡልተን!» ብለው ተቀበሉንና ሥዕሉን ከፍ አድርገው አሳዩን። የዋንዛ ፍሬሙ ንጹሕ ሥራ ነው።

«ፎቁ ግን መቼ ነው የሚያልቀው ኦቦ?» አሉኝ። «ፌሮው ዝጎ ከማለቁ በፊት ቢጨርሱት!»

«በእግዚአብሔር ፈቃድ ያልቃል» አልኩ። ሰላማዊት ፈገግ ስትል አየኋት። ሥዕሉን በስሚንቶ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡን።

ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርንበት መኪና በባሕር ዛፉ መካከል ሲወጣ ቅዝቃዜው በመስኮት ገባ። ከተራራው ማዶ አረንጓዴው ሜዳና ላሞቹ ታዩ። መንገድ ዳር ካለች ቤት እርጎ በዳቦ አዘዝኩ። እኔ አጣጥሜ በላሁ፤ እሷ ዳቦውን ስትፈረፍር ቆየች።

ማሠልጠኛው ስንደርስ ወላጆች ከፈተናው ክፍል ኋላ እንድንቀመጥ ተፈቀደልን። ፈታኟ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ በአማርኛ አቀርበዋለሁ።

«የሥዕልሽ ቲም ምንድን ነው?»

«የዚህ ሥዕል ቲም ተስፋ ነው...» ብላ ጀመረችና ቆመች። የቀረውን ከኋላ ሆኜ በከንፈሬ አሳየኋት። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄ የአባትሽ ኢንተርፕሪቴሽን ይመስለኛል» አሉ። «ያንቺስ?»

ዕድሉ አመለጠን ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሰላማዊት ግን ወደ ሥዕሉ ተጠጋች።

«አባቴ ፌሮውን አይቶ ተስፋ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። ፎርግራውንዱ ላይ ያለችው እናቴ ናት፤ ፌሮው ከጀርባዋ ነው። ኮንትራስቱም እዚህ ላይ ነው። ፌሮው ወደ ሰማይ ያያል፣ እሷ ወደ ታች። ቤታችን ገና ደረጃ የለውም፤ እርጥብ ልብስ ተሸክማ በመሰላል ትወጣለች። ሙዱ ድካም ነው። ሁላችንም ፌሮውን እናያለን። እሷን የሚያያት የለም።»

ጆሮዬ ጋለ። እውነቱን ለመናገር ተቆጥቼ ነበር፤ በሰው ፊት የቤታችንን ጉድ አወጣች ብዬ። ነገር ግን የተናገረችበት ቃል ሁሉ እኔ ያስተማርኳት ነው፤ አንዱንም ያለ ቦታው አላስቀመጠችም። ሴትዮዋ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተንሾካሽከው ተመለሱና «ተቀብለንሻል» አሏት።

መልስ

መኪና ስንጠብቅ «ይህን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«በአማርኛ እንዴት ደፍሬ ልበልዎት፣ አባባ?»

ይህ መልስ እስከ ሰበታ ድረስ አብሮኝ ተጓዘ። ልጅ ማስጠናት የአባት ግዴታ ነው፤ ዛሬም በዚህ አቋሜ ጸንቻለሁ። ያለ ቃሉ ያየችውን ልትናገር አትችልም ነበር። ሆኖም ቃል ሰጥቶ ሐሳቡንም ጨምሮ መስጠት ልጅን መጫን ነው። ወላጆች ሆይ፣ ቃሉን ስጡ፤ ዓረፍተ ነገሩን ለእነሱ ተዉላቸው።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችን። ማለፏን ስትሰማ እልል አለችና «ለመሆኑ ስለ ሥዕሉ ምን ብላ አለፈች?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጄ መሬት መሬት አየች። ማሳጠር እችል ነበር፤ አላሳጠርኩም። ስለ መሰላሉም፣ ስለ ድካሙም፣ የሚያያት የለም ስለመባሉም ሳልሸራርፍ ተረጎምኩላት።

ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«ታዲያ እኔ ይህንኑ በአማርኛ ስነግርህ ስንት ዘመኔ ነው!»