የሚስ ኔልዳን ዘንግ ማንም አይነካም

በየካቲት አንድ ብርዳማ ጠዋት ሚስ ኔልዳ ፕሩዊት የማጥመጃ ዕቃ ሱቄን በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ከርመው ነበር። ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተንጠልጥሏል፤ በግራቸው የድሮውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን ይዘዋል። ትል ሊገዙ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ዝም አሉ። ሰው በቁሙ ሲታዘንለት ሳይ ደሜ ይፈላል።

«ምነው ዝም አላችሁ፣ ቀብር አለ እንዴ?» አሉ ሚስ ኔልዳ። አፋቸው ወደ ጎን ሳብ ቢልም ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው።

በእኛ የሰሜን አላባማ ሐይቅ ዳር እሳቸውን የማያውቅ የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል። እኔም ተሳፍሬያለሁ። ከመቀመጫችን ከተነሳን በመስታወቱ ውስጥ አንዴ ያዩናል፤ ዓይናቸው ይበቃ ነበር። ጎርፍ ድልድዩን በዘጋበት ዓመት፣ ልጅ የሞላውን አውቶቡስ በዚያ ጠባብ መንገድ ወደ ኋላ ነድተው አውጥተውናል። እኛ ፈርተን መዝሙር ስንጀምር «ዝም በሉ፣ ልስማበት» ነበር ያሉት። ትዳር አልያዙም። እናታቸው በጊዜ ስለሞተች ታናሽ ወንድማቸውን ሆይትን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ሆይት የኔ እኩያ ነው። ጀልባ ከገዛ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእህቱ ጋር ባስ ለማጥመድ ይወጣል። ባስ ጀርባው አረንጓዴ፣ አፉ የሰፋ ዓሣ ነው፤ እኛ ጋ በእሱ ምክንያት በጸደይ ቅዳሜ ሠርግ የሚደግስ ሰው የለም፣ እንግዳ አያገኝማ። በውድድር ቀን በአንድ ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው። የሆይት ጀልባ ሁለተኛ መቀመጫ የሚስ ኔልዳ ነበር፤ የሚታወቁትም በፕላስቲክ ትል ነው። ትሉን ሐይቁ ወለል ላይ ያሳርፉታል፤ ባሱ አፉ ውስጥ ሲከተው ዘንጉን ባለ በሌለ ኃይላቸው ወደ ላይ ይመነጭቁታል። መንጠቆው ወፍራም ነው፣ ትሉ ውስጥ ተደብቋል፤ ካልመነጨቁት ዓሣው ላይ አይሰካም። የሳቸው ምንጨቃ ጀልባ ያናውጥ ነበር።

በዚያ ጠዋት ሆይት ተከትሏቸው ገባ።

«እታለም፣ በዚህ ብርድ ምን ልታደርጊ ወጣሽ?»

«ማጥመጃ ልገዛ።»

«ማጥመጃ እኮ ይዘሻል።»

«እሱንማ ይዣለሁ። ያጣሁት እጅ ነው።»

ሆይት መሬት መሬት አየ። ክፉ ሰው አይደለም። ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው፣ የቧንቧው ውኃ እየፈሰሰ ያገኛቸው እሱ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኑን ከሳቸው ላይ አንስቶ አያውቅም።

«ዘንድሮ እረፊ» አለ። «መቀመጫሽን ትራቪስ ይያዘው። አንቺ ከዳር ሆነሽ ታዪናለሽ፣ ሳንድዊች ይዘሽ።»

ትራቪስ የሆይት ሴት ልጅ ባል ነው። ሸሚዙ ላይ ማንም ያልከፈለው ማስታወቂያ ሞልቷል። አሥር ዘንግ ይዞ ይወጣና የትኛውን እንደሚወረውር ሲያስብ ይመሻል።

«ሳንድዊች» አሉ ሚስ ኔልዳ ቀስ ብለው። ቢሰድባቸው ይሻል ነበር። «ስማኝ ሆይት። እስከ ሚያዝያው ውድድር ጠብቀኝ። በዚያ ቀን አንድ ባስ በራሴ እጅ ካወጣሁ መቀመጫው የኔ ነው። መረቡን ልትይዝልኝ ትችላለህ፣ ዘንጌንና ክሬን ግን አትነካም። ካቃተኝ ለትራቪስ ራሴ አስረክበዋለሁ።»

ሆይት እኔን አየኝ፤ እኔ ምን አገባኝ። ተጨባበጡ፣ በግራ እጅ።

ከሱቄ ጀርባ ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ አለ። ሚስ ኔልዳ የመኪና ጎማ አጋድመው ክራቸውን ወደ መሃሉ መወርወር ጀመሩ። ዘንጋቸው ላይ ያለው፣ ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር ሲወረወር ክሩ እየተተረተረ ይሽከረከራል፤ አውራ ጣት ጫን ብሎ ካላዘገየው ክሩ በራሱ ላይ ይቆለላል። ቀኝ ክንዳቸው በጥቂቱ መነሳት ስለጀመረ እንደ ልማዳቸው በእሱ ይወረውራሉ፤ አውራ ጣታቸው ግን ደንዝዟል። በወረወሩ ቁጥር ክሩ የወፍ ጎጆ መሰለ። ቁጭ ብለው በመቀስ እየቆረጡ ያወጡታል፣ ይነሳሉ፣ ደግሞ ይወረውራሉ። እኔ በኋላ በር ተቀምጬ ጋዜጣዬን አነባለሁ።

አንድ ቀን ግን አላስቻለኝም፤ ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚሠራውን መዘውር አወጣሁላቸው። ለልጆች የተሠራ ነው፣ ቀለሙ ሮዝ።

«ይቺን ይሞክሯት፣ ጣት አትፈልግም።»

«ፌይ፣ ይቺን ይዤ ሰው ከሚያየኝ ሐይቁ ውስጥ ብገባ እመርጣለሁ።»

«እንደዚህ እየወረወሩ መግባቱስ አይቀርልዎትም።»

ሳቁ፤ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ሲስቁ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ የድሮውን መዘውር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ አዩት። እጀታው በስተቀኝ ነው። እኛ አገር ሰው ሁሉ በቀኝ እጁ ይወረውርና ዘንጉን ወደ ግራ አዛውሮ በቀኝ ይዘውራል። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፣ አባቶቻችን እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

«ይኼ እኮ ለግራኝ የተሠራ ነው» አሉ። «በግራዬ ከወረወርኩ ማዛወር የለ። ለቀኜ የሚቀረው መዘወር ብቻ ነው።»

ያን ቀን ወደ ቤታቸው የሄዱት እየፈጠኑ ነበር። ቀኝ ጣቶቻቸው የመዘውሩን ትንሽ እጀታ መጨበጥ ስላልቻሉ የወጥ ቤት ቁምሳጥናቸውን በር መክፈቻ የእንጨት እንቡጥ ነቅለው፣ ለጋራዡ ሰውዬ ወስደው አስበስተው አስገጠሙት። እንደ እንቁላል የወፈረ ነገር ሆነ፤ በመዳፍ ይያዛል።

ከዚያ ግራ አውራ ጣታቸውን ማስተማር ያዙ። መጋቢት ሙሉ፣ ዝናብም ቢሆን። ጎማው ተለመደ፣ ባልዲ ተተካ። ባልዲው ተለመደ፣ ትንሽ የሾርባ ሳህን መጣ። ረቡዕ ማታ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሰዎች መኪናቸውን እያዘገዩ ያዩዋቸው ነበር።

መወርወሩ ሲሳካ ግን ሌላው ችግር መጣ። ከጀልባ መቆሚያው ጣውላ ላይ ቆመው ትላቸውን ጣሉ፣ ባስ ነከሰ፣ መነጨቁ። ግራ ክንዳቸው የቀኙን ያህል ጉልበት የለውም፤ መንጠቆው አልተሰካም። ዓሣው ከውኃው ዘሎ ወጥቶ ትሉን ተፋው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ።

«አፉን ከፍቶ ሳቀብኝ» አሉኝ።

«ጉልበት የማይጠይቅ ነገር ልስጥዎት» ብዬ ትንሿን የእንጨት ዓሣ አመጣሁ። ሆዷ ሥር ባለ ሦስት ጣት ቀጫጭን መንጠቆዎች አሏት። ዝም ብሎ መዘወር ነው፣ እሷ እየተንቀጠቀጠች ትዋኛለች፣ ባሱ ሲነክሳት መንጠቆው ራሱ ይይዘዋል። ቀለሟን ቀይ መረጡ፤ በጸደይ ከጭቃ የሚወጣውን፣ ክሬይፊሽ የሚሉትን ቀይ ባለ መቆንጠጫ የውኃ ፍጥረት ባሱ ስለሚወደው። ነገር ግን የድሮው ዘንጋቸው ደረቅ ነው፣ በዚያ ከተሳበ ቀጭኑ መንጠቆ የዓሣውን ከንፈር ቀድዶ ይወጣል። ስለዚህ እስከ እጀታው የሚጎብጥ ልስልስ ያለ የፋይበርግላስ ዘንግና ትንሽ የሚለጠጥ ቀጭን ናይለን ክር ሰጠኋቸው፤ ባለ እንቡጡን መዘውራቸውን እሱ ላይ አዛወሩት።

ዘንጉን ወዘወዙትና ፊታቸው ጠቆረ። «ይኼ ዘንግ ነው የተቀቀለ ፓስታ?»

«ፓስታው ዓሣውን ይይዝልዎታል። አንድ ነገር ብቻ፣ ሲነክስ እንዳይመነጭቁ። ምንም አያድርጉ። መዘወር ብቻ።»

«ምንም አታድርጊ ማለት ለኔ ከባዱ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። በልምምድ ላይ ዓሣ በነከሰ ቁጥር ክንዳቸው ሳያስቡት ይመነጭቃል፣ ዓሣው ይሄዳል። ትራቪስ አንድ ቀን ሲያልፍ ዘንጉን አይቶ «ሚስ ኔልዳ፣ ዓሣውን እሹሩሩ ሊሉት ነው?» አለ።

«አንተ በሸሚዝህ አጥምደው» አሉት።

የሚያዝያው ቅዳሜ ደረሰ። በጀልባው ላይ የሆነውን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፣ ነገራቸው አንድ ነው። እስከ ቀትር ድረስ እሳቸው አንድም አልነከሰላቸውም። ሆይት ሁለት ትንንሾች ይዟል። ድልድዩ ሥር ካለው ድንጋይ አጠገብ ቀይዋን ዓሣ ሲዘውሩ ክሩ ከበደ። ክንዳቸው ሊመነጭቅ ተነሳ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ያዙት። ዘወሩ። ዘንጉ እስከ እጀታው ጎበጠ፣ መንጠቆው ያዘ። ትልቅ ነበር። ጀልባው ጋ ሲደርስ ወደ ሥር ጠለቀ፣ ቀኝ መዳፋቸው ከእንቡጡ ላይ ሾለከ። ያኔ ሆይት እጁን ሰድዶ ዘንጉን ያዘው። ለአንድ ትንፋሽ ነው። ወዲያው ለቀቀ፣ እሳቸው እንቡጡን አገኙት፣ ዓሣው ወጣ።

ሚዛን ላይ ሲወጣ ከስድስት ፓውንድ በላይ ሆነ፣ የዕለቱ ትልቁ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ፣ አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ሆይት እጁን አንስቶ «መቀመጫው የእታለም ነው» አለ። ትራቪስ እንኳ ሊጨብጣቸው መጣ።

«ሆይት ዘንጌን ነክቷል» አሉ ሚስ ኔልዳ።

ጭብጨባው ቆመ። በውድድሩ ደንብ ጓደኛ ቢያግዝ ችግር የለውም፤ ውሉ ግን የሁለቱ ነበር።

«እታለም፣ ለቅጽበት እኮ ነው። ማን አየ?»

«አንተ አየህ። እኔም አየሁ።» ከዚያ ለኔና ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አሉት። «እጅህን ስትሰድ ፊትህን አየሁት። ወጥ ቤት ወለል ላይ ያገኘኸኝ ጊዜ የነበረው ፊት ነው። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እንደዚያ እያየኸኝ ግን ዓሣ ማጥመድ አልችልም።» ዞር ብለው «ትራቪስ፣ መቀመጫው ያንተ ነው፣ ደግሞ ዘንግ ቀንስ» አሉና ወደ መኪናው ሄዱ። ሆይት ከጭነት መኪናው ጀርባ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት፤ ያላየሁ መሰልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ መጡ። ያለቀሱ ይሆናሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ቀጥታ ቅዳሜ ሱቁን ማን ሊጠብቅልኝ እንደሚችል ጠየቁኝ።

«የእህቴ ልጅ ትጠብቃለች። ምነው?»

«የአባቴ ቆርቆሮ ጀልባ ጓሮ ተገልብጣ አለች። ሁለት ሰው ትይዛለች።»

«ሚስ ኔልዳ፣ እኔ ማጥመጃ እሸጣለሁ እንጂ አጥምጄ አላውቅም።»

«ለዚያ ነው የፈለግኩሽ። ክሬ ሲተበተብ ጋዜጣ ስታነቢ ከርመሻል። እንደዚያ የሚያየኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

ቅዳሜ ወጣን። ሸምበቆው ዳር እየቀዘፍኩ አደረስኳቸው፤ በግራቸው ወረወሩ፣ በሦስተኛው ነከሰ። አልመነጨቁም። ዘንጉ ጎበጠ፣ ዘወሩ፣ ዘወሩ፣ መዳፋቸው ከእንቡጡ ሾለከ። ክሩ እየተጎተተ መውጣት ጀመረ። እጄ በራሱ ተነሳ። የሆይት ነገር ያኔ ገባኝ፤ የምትወጂው ሰው እጅ ሲከዳው ዝም ማለት አንጀት ይቆርጣል። ሁለቱንም እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው።

አላዩኝም። የዘንጉን የታች ጫፍ ብብታቸው ውስጥ አጣበቁት፣ እንቡጡን በአንጓቸው እየገፉ አዞሩት፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ሲሳደቡ እሰማለሁ፣ ዓሣውን ይሁን እጃቸውን አላውቅም። ጀልባዋ ዳር ተንበረከኩ፣ በግራ አውራ ጣታቸው የባሱን ከንፈር ቆንጥጠው አነሱት። ከእጅ መዳፍ ትንሽ ይበልጣል።

«መዝኚው» አሉ፣ እያለከለኩ።

«ይኼን? ለድመት አይበቃም።»

«መዝኚው አልኩሽ።»

እጆቼን ሳወጣቸው ደንዝዘዋል፤ ሚዛኑን ልይዝ ስል ሁለቴ አመለጠኝ።

«ላግዝሽ?» አሉኝ።

«አይንኩኝ» አልኳቸው።

አንድ ፓውንድ እንኳ አልሞላም። ቁጥሩን ጮክ ብዬ እንዳነበው አደረጉኝ፣ ዓሣውን ወደ ውኃው መለሱት፣ ክሩን በጣታቸው ፈተሹና እንደገና ወረወሩ።