ቁርጥ የተበላበት ቢራቢሮ

«ሥጋ ቆርጦ የማያውቅ ቢላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈሽ ስትዞሪ አታፍሪም?» አለኝ የአክስቴ ባል፣ ፋሲካ ዕለት፣ እንግዶቹ ሁሉ እየሰሙ።

አላፈርኩም። እዚህ አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን ያለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ነበርን። መኪኖቹን አውጥተው ጠረጴዛ ዘርግተዋል፤ ሁለት ወር ገደማ ጾመው የከረሙ ሰዎች ቁርጡን ከበውታል። እኔ አብሬያቸው ስለምኖር እንግዳም አይደለሁም፣ ባለቤትም አይደለሁም፤ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። «ያንን ነገርሽን አምጪና አሳያቸው» ያለኝም እሱ ራሱ ነው።

ያ ነገሬ በተርፍላይ ነው፤ ቢራቢሮ ቢላ። እጀታው ለሁለት የተከፈለ ነው። ሲዘጋ ሁለቱ ግማሾች ስለቱን መሐላቸው ይደብቁታል፤ ሲከፈት እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ ዞረው ከኋላ ይገጥማሉ። ሃይስኩል ከጨረስኩ ጀምሮ እሰበስባለሁ። ኮሌጅ አልሄድኩም፣ ሥራ ቶሎ ይሰለቸኛል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ከእነሱ ጋር ግን ሰዓቱ ሳይታወቀኝ እቀመጣለሁ።

ሌሎቹ የፋብሪካ ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። ይሄኛውን አቮንዴል እስቴትስ የሚኖር አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ በእጁ ነው የሠራልኝ። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፣ ውስጡ በስስ ነሐስ ተለብጧል። አንደኛው ክንፍ ጥቁር ነው፤ ሌላኛው ላይ ማር የመሰለ መስመር ያልፍበታል። ስለቱ ጀርባ ላይ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ የሞረዱ ፋና አለ፤ በጥፍር ሲነኩት ይሰማል። ሰውዬው ሊያጠፋው ይችል ነበር፣ ግን ተወው። ሲዘጋ ደግሞ የፋብሪካዎቹ ቅጭልጭል ይላሉ፤ ይሄ አንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ለዚያ ድምፅ ብቻ ነው የምወደው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ሽማግሌው ከእኔ በኋላ ትእዛዝ መቀበል አቁሟል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ከተበላሸ ሌላ የለም።

ከፍቼ ዘጋሁላቸው፣ አዙሬ ከፈትኩላቸው። አንዷ ሴትዮ አማተበች። ወዲያው ከሥራ ተደወለልኝና ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ቁርጥ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ የተሳለ ቢላ ትቶ መሄድ ማለት «ብሉበት» ማለት ነው። ስልኩ ላይ ስለ ሺፍት እየተከራከርኩ ይሄ ትዝ አላለኝም።

ስመለስ ቢላው የለም።

«ጋሼ፣ የታለ?»

«በላንበት። ለካ ይቆርጣል» አለኝ እጁን እየጠረገ። «ሐሜቴን አንስቻለሁ።»

«እሺ፣ የት ነው ያለው?»

«አክስትሽ ወሰደችው። ታጥቦ ይመጣልሻል፣ ምን ያስሮጥሻል?»

ሮጥኩ። አክስቴ ሲንኩን በፈላ ውሃና በሳሙና ሞልታ ሳህን ትዘፈዝፋለች። እጄን ከተትኩ፣ ተቃጠልኩ፣ ከሳህኖቹ ሥር አወጣሁት። እንደ መስታወት ያበራ የነበረው ስለት በሎሚውና በአዋዜው ጠቁሯል። ያ ይሁን። ልዘጋው ስሞክር ግን ግማሽ ላይ ቆመ። ቀንዱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል።

«ቅባቱ እንዲለቅ ብዬ ነው የኔ እናት» አለች አክስቴ። «ከሁሉ አስቀድሜ ያንቺን ነው የነከርኩት።»

ምን ትላታለህ? ላደርቀው ብዬ ሄርድራየር ፈለግኩ፤ ለጎረቤት አውሳዋለች። ኦቨኑን ከፈትኩ፤ ድፎ ዳቦ ተኝቶበታል። «ንክች እንዳታደርጊው» አለችኝ። በፎጣ ጠቅልዬው መኝታ ቤቴ ገባሁና እስኪነጋ ድረስ ስነሳ ስተኛ አደርኩ።

ጠዋት ቢላውን ይዤ ወደ ሽማግሌው ስወጣ ጋሼ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«እከተልሻለሁ።»

«መጥተህ ምን ልታደርግ?»

«የበላሁበት እኔ ነኝ። ሰውዬው የሚቆጣ ከሆነ እኔን ይቆጣ።»

ሽማግሌው የሚሠራው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቢላውን ተቀብሎ መነጽሩን አደረገ፣ ከዚያ አሸተተው። «ምን ቆርጣችሁበት ነው?»

«ጥሬ ሥጋ።»

«ምን አለሽ?» አለ ጋሼ ከኋላዬ።

«ምን ቆረጣችሁበት አለኝ።»

«ንገሪው እንጂ። ጥሩ ሥጋ ነበር በይው።»

አልነገርኩትም። ሽማግሌው ክንፎቹን አንድ በአንድ ወደ መብራት አቀረበ። «በሙቀት ልታደርቂው ሞክረሻል?»

«አልሞከርኩም።»

«እውነትሽን ነው?»

«ኦቨኑ ውስጥ ዳቦ ነበረበት።»

ይሄ እንዴት መልስ እንደሆነ አልገባውም፣ ግን ረጅም ትንፋሽ አወጣ። በሙቀት ቢሆን ኖሮ ቀንዱ ይሰነጠቅ ነበር አለኝ፤ በራሱ ጊዜ፣ ጥላ ውስጥ ከደረቀ ወደ ቦታው ይመለሳል። «ብቻ እዚህ ተይልኝና ሂጂ» አለኝ። እኔን ሂጂና ጠብቂ ከማለት ተገረፊ ማለት ይቀላል። ለጋሼ ስተረጉምለት ጋራዡ ውስጥ የነበረች በርሜል ላይ ቁጭ አለ፤ ለካ እሱም እንደኔ ሳይተኛ ነው ያደረው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት መኪናዬን በማጠብ አሳለፍኩ። ጋሼ ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ደወለ?» ይለኛል። አልደወለም። «አሜሪካኖች ሲደውሉም ቮይስሜይል ነው የሚተዉት፣ እሱን አየሽ?» አይቻለሁ አልኩት። እንደገና አየሁ።

የደወለ ዕለት ሁለታችንም በየመኪናችን ሄድን። ሽማግሌው ቢላውን ገጣጥሞታል፤ የቀረችው አንዲት ብሎን ናት። መፍቻውን ለእኔ ሰጠኝ። «እጄ ዛሬ እምቢ ብሏል፣ አንቺ እሰሪው። ቀስ። ኧረ ቀስ። በቃ።»

ክንፎቹን ያዝኩና ዘጋሁት። «ቀጭ» አለና ዝም አለ።

ትከሻዬ ወረደ። ፋሲካ ካለፈ ጀምሮ ሰቅዬው ስሄድ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ደግሜ ዘጋሁት። ማር የመሰለው መስመር እንዳለ ነው። የሞረዱም ፋና አለ።

«ተመስገን» አለ ጋሼ። «እንደገና ይቆርጣል ማለት ነው?»

«ለአንተ አይቆርጥም።»

ሽማግሌው ስለቱ ላይ የቀረውን ጥቁር ሰማያዊ ምልክት በአውራ ጣቱ አሳየኝ። ዝገት አይደለም፣ ብረቱ ቀለም ለውጦ ነው፤ ከፈለግሽ ላጥፋልሽ አለኝ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንድ ሳምንት።»

«ተወው።»

«ያምራል እኮ» አለ ጋሼ አጎንብሶ እያየ። «ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል።»

«የሰው ዕቃ አበላሽቶ ያምራል የሚል አንተ ብቻ ነህ።»

«አላበላሸሁም፣ ይኸው ተዘጋ አይደል?»

ከዚያ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ያልተሠሩ ቀንዶች አየና አንዱን አንስቶ ዳር ዳሩን ነካካው። «የምን በሬ ነው በይው እስቲ። ይሄማ ትልቅ በሬ ነው።»

«ለዚህ የሚበቃ እንግሊዝኛማ አለህ ጋሼ፣ ራስህ ጠይቀው። ሥራ ረፍዶብኛል።»

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሽማግሌውም መነጽሩን አወለቀና አጠገቡ ተቀመጠ። ቢላውን በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ፣ መንገድ ዳር ፓርክ ካደረግኩበት መኪናዬን አስነስቼ ሥራዬ ወዳለበት ወደ ዲኬተር ነዳሁ።