ሾርባ የጠጣው ፕላዝማ

ሰርቢያ፣ ኒሽ ከተማ ውስጥ ከባልደረባዬ ከደሳንካ ጋር ወደምንሠራበት የቴሌቪዥን መጠገኛ አንድ ሽቶ የተርከፈከፈ ሰው ያረጀ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በአንሶላ ጠቅልሎ መጣ። አንሶላው ሽንት ሽንት ይላል። ሰውየው የቆዳ ጓንቱን ሳያወልቅ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ቆመ።

«ምስሉ ላይ ቀይ መስመር ይሮጥበታል፤ አንዳንዴም ድርግም ይላል» አለ። «የእናቴ ነው። ብቻዋን ናት የምትኖረው።»

የቴሌቪዥኑን ጀርባ ስፈታ ክፉ ግማት ወጣ። ምስሉን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የባቄላ ሾርባ ደርቆ ሻግቷል፤ በረሮዎች እላዩ ላይ ተጣብቀው ሞተዋል።

«ይሄ እንዴት ገባ፣ ጌታዬ?» አልኩት።

ሳቅ አለ። «ዜና አንባቢው እኔ ይመስላታል። በማንኪያ ልታጎርሰው ትሞክራለች።»

እየቀፈፈኝ ሰሌዳውን በአልኮል አጠብኩ፤ የተበላሸውንም ቀየርኩ። ሊወስደው ሲመጣ ምስሉ ጠርቶ ነበር።

«ሾርባው የሚገባባቸውን የአየር ቀዳዳዎች ድፈኑልኝ» አለ።

«ከተደፈነ ግሎ ይቃጠላል።»

ደሳንካ ከወንበሯ ተነሳች። «ለምን አንተው ሄደህ አትጎርስላትም?»

«እዚያ ቤት ምግብ አይበላም፤ ሽታውን አታውቂውም» አለና ጓንት ያጠለቀ እጁን ለስንብት ዘረጋላት።

ደሳንካ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ እስኪወጣ ድረስ አየችው።