ሚንቾ የመረጠው ባለሦስት እግር

ሚንቾ ኪቦርድ ሲጫወት ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ የሚኖርባት ከተማ ኮቴል ከነዳገቷ ጉም የዋጣት ይመስለዋል። በሠርግ ቤት ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ግን አይቶ አያውቅም። የክላርኔትና የከበሮ ተጫዋቾቹ በእግር ሄደው ሲያመጧት፣ እሱ ከኪቦርዱ ከባድ የብረት ማቆሚያ ጋር በመኪና ቀጥታ ወደ አዳራሽ ይላካል። እዚያ ባዶ ወንበሮች መሃል ተቀምጦ ሌሎቹ የሚያዩትን በሐሳቡ ይስላል።

አሁን የምታገባው የገዛ ልጁ ሲልቪና ናት። ያደገችው ዳገቱ አናት ላይ፣ ከእሱ ከተፋታችው እናቷ ጋር ነው፤ መኪና እዚያ አይደርስም።

«አባባ፣ ከደጅ አንተው በኪቦርድህ አውጣኝ፤ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ» አለችው።

ለሙዚቀኛ ደግሞ ዕቃውን ሌላ ሰው ማሸከም በዚያ አገር ነውር ነው። የሚንቾ ወገብ ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ ቀላል ማቆሚያ ፍለጋ ተነሣ።

የክላርኔቱ ሰው ራሽኮ ሰማና ሳቀበት። «ጋሼ ሚንቾ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!»

«አንተ ምን ቸገረህ፤ ያንተ ዕቃ ብብት ውስጥ ይገባል።»

ስሊቨን ከተማ ያለችው የሙዚቃ ዕቃ ባለሱቅ ማቆሚያዎቹን ደረደረችለት። ሚንቾ አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ውጭ፣ ወደ ኮብልስቶኑ ይዟቸው ወጣ።

«ምነው ጋሼ፣ ዕቃዬን ጭቃ ውስጥ?»

«የሱቅሽ ወለል ላይማ ሁሉም ጎበዝ ነው» አላት።

እንደ መቀስ የሚታጠፈው ክርኑን ሲያስደግፍበት ተንገዳገደ። እንደ ጠረጴዛ ያለው አንድ እግሩ አየር ላይ ቀረ። ባለሦስት እግሩ ግን ወጣ ገባው ላይ ቁጢጥ አለ፤ ሲያነሡትም ላባ ነው።

«ልንገርህ» አለች ሴትዮዋ፤ «የኪቦርዱን ዳር ዳር በኃይል ከመታኸው ይወዛወዛል። ለጭፈራ አይሆንህም።»

«ለጭፈራ አይደለም። ለአንድ ጠዋት ነው።»

የሠርጉ ዕለት ማቆሚያውን በትከሻው፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን በጀርባው አድርጎ፣ እያረፈ ዳገቱን ወጣ። የግራር አበባ መንገዱ ላይ ረግፏል። ከሲልቪና እናት ደጃፍ ፊት ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ሦስቱን እግሮች ድንጋዩ ላይ ተከለ።

ሲልቪና ነጭ ለብሳ ወጣች። እንደ ወጉ በደጁ የተቀመጠውን የውኃ ባልዲ በእግሯ ደፋችው፤ ውኃው በድንጋዮቹ መሃል ቁልቁል ወረደ። ክላርኔቱና ከበሮው እየተጫወቱ ፊት ፊቷ ሄዱ። ኪቦርድ አይራመድም፤ ሚንቾ ከደጁ ቀረ። ሙሽራም አንዴ ከወጣች ዞራ አታይም።

በኃይል ቢመታ ማቆሚያው ይወዛወዛል። ስለዚህ መሃል መሃሉን በለሆሳስ ይነካ ጀመር፤ ሲለሳለስ ደግሞ ዜማው ዘገየ፤ ዜማው ሲዘገይ ከበሮው እሱን መጠበቅ ግድ ሆነበት።

«ጋሼ ሚንቾ፣ ፍጠን እንጂ! በዚህ አካሄድ ቤተ ክርስቲያን ይዘጋብናል!» ብሎ ራሽኮ ከታች ጮኸ።

ሚንቾ መፍጠን አልፈለገም። የመንገዱ መታጠፊያ ቅርብ ነው፤ ልጁ እዚያ ስትደርስ ከዓይኑ ትሰወራለች። ጣቶቹን ይበልጥ አዘገያቸው።

ሲልቪና ዞራ አላየችም። እርምጃዋን ግን በእሱ ጣቶች ልክ አሳጠረች፤ አንዱን እግር ካነሣች በኋላ ሌላውን ለማንሣት ቆየት ትል ነበር። ነጩ ቀሚስ ከመታጠፊያው ኋላ እስኪጠፋ ድረስ ሚንቾ ዓይኑን አልጨፈነም።