ስሜን ሊሸከም የነበረው ባክቴሪያ

በጃንሆይ ዘመን፣ አርብ ገበያ ክሊኒክ ድሬሰር ሳለሁ፣ አዲስ ባክቴሪያ አግኝቼ ነበር። ማለቴ፣ ለአራት ወር ያህል አግኝቼ ነበር።

ጎንደር ያስተማሩኝ ሐኪም አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ አስይዘውኝ፣ «በሽሎ ወንዝ ወርደህ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ፈልግ» አሉኝ። ወረድኩ፤ ቀንድ አውጣ የሚባል አጣሁ። ጭቃው ውስጥ ግን ሁለት ክዳን ያላቸው የወንዝ ዛጎሎች ነበሩ። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ እነሱኑ በቅል ውኃ ይዤ ዳገቱን ስወጣ፣ የተረገመች በቅሎዬ ጭነቷን ድንጋይ ላይ ጥላ የማቅለሚያ ጠርሙሴን ሰበረችው። ባክቴሪያ ደግሞ ያለ ቀለም በደንብ አይታይም።

ጎረቤቴ መሪጌታ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ጥቁር ቀለማቸውን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ጥላሸትና የተቆላ ገብስ በውኃ በጥብጠው ለወራት ያቦኩታል። የመቃ ብዕራቸውን ጫፍ በምላሳቸው ሳያረጥቡ አንዲት ፊደል ስለማይጽፉ ከንፈራቸው ዘወትር ጥቁር ነው።

«የኔታ፣ ከቀለምዎ ጥቂት ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ለምን ይሆንሃል?»

«የዛጎል አንጀት ላይበት።»

«እግዚኦ!» አሉና በቀንድ ቀድተው ሰጡኝ።

የዛጎሉን ጭማቂ ከቀለሙ ጋር መስተዋት ላይ ቀብቼ ባይ፣ በጥቁሩ መካከል ማጭድ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች ተደርድረዋል። ካለኝ መጽሐፍ አንዱንም አይመስሉም። ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። አዲስ ዝርያ በሰው ስም ይሰየማል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእኔን ስም ደግሞ ከክርስትናዬ ቀን ወዲህ ደስ ብሎት የጠራው ሰው የለም። የላቲን ጅራት ቀጥዬለት ጮክ ብዬ ሳነበው እንባዬ መጣ።

የኔታን ጠርቼ አሳየኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ።

«በየትኛው ቀን ነው የተፈጠረው?»

«እኔ እንጃ፣ የኔታ።»

«ወገኑን ሳታውቅ ስም ታወጣለህ? ከውኃ ከወጣ የሐሙስ ፍጥረት ነው። ጻፍ!»

ጻፍኩ። ደብዳቤውን ከተረፉት ዛጎሎች ጋር ወደ ጎንደር ላክሁ።

እስከዚያው ወሬው ገበያውን ሞላ። «ሐኪሙ ትል ወለደ» እያሉ ይስቁብኛል። «ይገድላል ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አላውቅም ለማለት አፈርኩና «አንድ ጠብታ የቀመሰ ሦስት ቀን አያድርም» አልኩ። የበሽሎን ዓሣ የሚነካ ጠፋ።

የጎንደር መልስ አጭር ነበር፤ ዛጎሎቹ ውስጥ የለም፣ ቀለምህን ብቻውን ተመልከት ይላል።

ተመለከትኩ። ማጭዶቼ በሙሉ እዚያው ናቸው፤ ያውም በርክተው! ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ በቅሎዋንም ረገምኳት። ከሁሉ የከበደኝ ግን የኔታ ዘንድ መሄዱ ነው።

ሲጽፉ ደረስኩባቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መቃቸውን ከብራናው አነሡ።

«ከገብስ ከሆነማ የማክሰኞ ነው። ሐሙስ ያልነውን ሰርዘው።»

«እሺ፣ የኔታ።»

«አንድ ጠብታ የቀመሰ ሦስት ቀን አያድርም ያልከውስ?»

የጠቆረ ከንፈራቸውን አየሁ።

«አርባ ዓመት ስልሰው ኖርኩ» አሉና መቃውን እያዩኝ ምላሳቸው ላይ አረጠቡ። «አይዞህ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ስምህን ደስ ብሎኝ እጠራዋለሁ፤ ጣዕሙን ለምጄዋለሁ።»