ሁለት ቦምቦሊኖ

ትናንት ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ቦምቦሊኖ የሚጠበስበት ዘይት ሸተተኝና አባቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ አስረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ስኳር እንዳለበት ከተነገረው ወዲህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ "ከነገ ጀምሮ ጣፋጭ በአፌ አይዞርም" ይል ነበር። ሰኞ አመሻሽ ላይ ግን ጣቶቹ በዘይት ወዝተው ይገባ ነበር።

የምትከታተለው ነርስ አንድ ቀን ሳቀችና፣ "መሐላውን ይተዉት። መቼ፣ የት፣ ምን ሲሆኑ እንደሚያምርዎ ይጻፉ፤ ዕቅዱን ከዚያ እናወጣለን" አለችው። መጻፉ ለእኔ ተሰጠኝ።

ደስ እያለኝ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሳምንቱን ሙሉ እንደ መርማሪ ተከተልኩት። ሰኞ፣ አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ከቢሮ ሲመለስ፣ ሁለት ቦምቦሊኖ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም ያው። "ርቦህ ነው?" ስለው፣ "ኧረ አልራበኝም" ይለኛል። የገረመኝ ሰዓቱ አልነበረም። ሁልጊዜ ሁለት የሆነው ለምንድን ነው?

ዓርብ ዕለት አጠገቡ ቆምኩ። ሻጯ ገና ሳያዛት ሁለት ጠቅልላ እየሰጠችው፣ "ጋሼ፣ ልጅዎ ደወለ?" አለችው። ታላቅ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነበር። ከመሄዱ በፊት አባቴን እዚያ እየጠበቀ፣ አንዳንድ በልተው አብረው ይገቡ ነበር።

"ታዲያ አባባ፣ ለምን አንድ ብቻ አትገዛም?"

የተጠቀለለውን ይዞ መንገድ ጀመረ። "አንድ ስጪኝ ማለት አቃተኝ። ካልኩ፣ ልጁ የማይመለስ ይመስለኛል።"

ደብተሬ ላይ "ዓርብ፣ ሁለት" ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

ከነርሷ ጋር ያወጣነው ዕቅድ አንድ መስመር ብቻ ሆነ፦ "ከቢሮ ስወጣ ልጄ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ ቦምቦሊኖ በማይሸጥበት በላይኛው መንገድ እንሄዳለን።" በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቴ አምልጦኝ በታችኛው መንገድ ሄደ። ነርሷ አልተቆጣችም፤ "እሱም ይጻፍ" አለች። እየዋለ እያደረ ግን መንገዱን ለመደው። በአባቴ ዝግ ያለ እርምጃ እየሄድን፣ የዳሞታን ተራራ ፊት ለፊት እያየን ስለ ወንድሜ ያወራኝ ጀመር፤ በልጅነቱ ነጎድጓድ ይፈራ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው። ከወራት በኋላ ስኳሩ ወረደ። እኛ መሄዳችንን አልተውንም።

ወንድሜ የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለአባታችን ለቅሶ ነው። በማግስቱ በላይኛው መንገድ ይዤው ወጣሁ።

"ምነው እንዲህ ተጎተትሽ? አሞሻል?" አለኝ።

እኔስ መች ልብ ብዬው። በአባቴ እርምጃ ነበር የምሄደው። ወንድሜ ገባው መሰለኝ፣ እሱም ቀስ አለ።